“ጠባዩ ነው” ከማለታችን በፊት

ስለ ሰገራ ልጀምር ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ። ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ ያለ ወሬ እንደማይወራ አውቃለሁ። ግን በነርስነት ዘመኔ ከሠራኋቸው ስህተቶች ሁሉ እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ላይ የሠራሁት ነው።

ሰውየው 34 ዓመቱ ነበር። ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም በሕፃንነት በደረሰ የአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ እክል፣ እና የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። በቃል አይናገርም። ይዛው የምትመጣው ታላቅ እህቱ ናት። አንድ ቀን «ሲስተር፣ ወንድሜ ሰሞኑን ልክ አይደለም» አለችኝ። ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ማንኪያ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ሌሊት ያቃስታል። እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ቦታ ወስዳው ነበር። እዚያ «ጠባዩ ነው፤ እንዲህ ያሉት ሰዎች ላይ ይመጣል» ተባለች። የማረጋጊያ መድኃኒቱም ተጨመረለት። እኛ ጋ ሲመጣ ደግሞ አዲስ ነገር ነበረው፤ ቀጭን ተቅማጥ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ልብሱን ያበላሻል። ሆዱን በእጄ እንኳ ሳልነካ «ተቅማጥ» ብዬ ጻፍኩ። የተቅማጥ ማቆሚያ ታዘዘለትና ሄደ።

በሳምንቱ እያስታወከ መጣ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ራጅ ተነሳ። አንጀቱ በደረቀ ሰገራ ጢም ብሏል። እኛ ተቅማጥ ያልነው የደረቀው መንገድ ሲዘጋበት በዳር በዳሩ እየሾለከ የሚወጣ ፈሳሽ ነበር። የተዘጋውን ነገር ጭራሽ የሚዘጋ መድኃኒት ሰጠነው ማለት ነው። ያ የተጨመረለት ማረጋጊያም አንጀት የሚያሰንፍ ዓይነት ነበር። ሰውየው ግድግዳውን የሚመታው ሆዱን ስላመመው ነው። ሌላ መናገሪያ አልነበረውማ።

ተረፈ፤ በመከራ። የዛሬው ወሬዬ እሱ ላይ ስለደረሰው ዓይነት ነገር ነው።

ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም፣ ሴሬብራል ፓልሲ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት። እነዚህ ሰውዬው አብሯቸው የተወለደ ወይም በልጅነቱ የመጡ ናቸው። መድኃኒት ተሰጥቶ አይጠፉም፤ መጥፋትም አለባቸው ብዬ አልቆምኩም። እኔ የማወራው በላያቸው ላይ ስለሚደረበው ነው። የሆድ ድርቀት፣ የሳንባ ምች፣ የመኝታ ቁስል፣ የተበላ ጥርስ፣ የሳሳ አጥንት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ስኳር፣ ድብርት። ከእነዚህ አንዱም የግድ መምጣት የለበትም። ከእክሉ ጋር እንደ ጥንድ ተሸጠው የመጡ የሚመስሉን ስለለመድናቸው ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ ይፋ የሆነ አንድ ጥናት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ሞት አንድ በአንድ መርምሮ ነበር። ወንዶቹ ከሌላው ሕዝብ በ13 ዓመት፣ ሴቶቹ በ20 ዓመት ቀድመው ይሞቱ ነበር። ነጻ ሕክምና ባለበት አገር ነው ይህ የሆነው። ከሞቱት ብዙዎቹን የገደላቸውም እክሉ ራሱ አልነበረም። የዘገየ ምርመራ፣ ያልታየ ምልክት፣ «ይሄማ የእሱ ነገር ነው» የተባለ ሕመም ነው።

በሌላ በኩል ደስ የሚል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው በአማካይ የሚኖረው 25 ዓመት ገደማ ነበር። ዛሬ ወደ 60 ደርሷል። የልብ ቀዶ ሕክምና መጣ፣ ሰዎቹን ተቋም ውስጥ ቆልፎ መርሳትም ቀረ። ስለዚህ አሁን ጎልማሶች አሉን። ችግሩ ሕክምናው አብሯቸው አለማደጉ ነው። የሕፃናት ሐኪሙ ልጁን ከእናቱ እኩል ያውቀዋል። 18 ሲሞላው ግን ይሰናበታል። የአዋቂ ሐኪሙ ደግሞ እንዲህ ያለ ታካሚ በትምህርት ቤት ዘመኑ ስንት ጊዜ አይቶ ይሆን? ብዙ ቤተሰብ እዚህ ጋ ብቻውን ይቀራል።

ወደ «ጠባዩ ነው» ልመለስ። ይህችን ቃል የምጠላት በግሌ ነው። አንድ ሰው ፋይሉ ላይ አንድ ትልቅ ስም ከተጻፈ በኋላ ያ ስም ሌላውን ሁሉ ይጋርደዋል። እኔ ጉንጬን ይዤ ባለቅስ «ጥርስሽን ነው?» ትሉኛላችሁ። ኦቲዝም ያለበት ሰው ጉንጩን ቢመታ «ኦቲዝሙ ነው» ይባላል። ጥርሱ ግን እንደኔው ጥርስ ነው። ይበላል፣ ይመግላል፣ ያማል።

ስለዚህ እኔ ቤተሰብ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ምን ተለወጠ? ምን አለበት አይደለም፤ ምን ተለወጠ። ሁልጊዜ የሚጮህ ሰው ሲጮህ አልደነግጥም። ሁልጊዜ የሚጮኸው ዝም ሲል ግን እደነግጣለሁ። ሕመም በማይናገር ሰው ላይ ብዙ መልክ አለው። አንዱ ይናከሳል፣ አንዱ አይተኛም፣ አንዱ የሚወደውን ሙዚቃ አጥፉልኝ ይላል፣ ሌላው ከወንበሩ አልነሳም ብሎ ይቀመጣል። ያኔ መጀመሪያ የሚታየው አፍ ነው። ከዚያ ጆሮ። ኩክ ሞልቶበት «አይሰማም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው» የተባለ ስንት ሰው አይቻለሁ። ከዚያ ሆድ፣ ሽንት፣ የእግር ጣት ሥር፣ በቅርብ የተለወጠ መድኃኒት። ሴት ከሆነች የወር አበባዋ ቀን። ይህ ሁሉ ንጹህ ሆኖ ሲገኝ ያኔ ስለ ጠባይ እናውራ።

ከዚህ ሥራ ጋር የቆዩ ሰዎች አራት ነገሮችን ለይተው ይፈራሉ። የሆድ ድርቀት፣ ወደ ሳንባ የሚገባ ምግብ፣ የፈሳሽ ማነስ፣ የሚጥል በሽታ። እንደ ካንሰር አያስፈሩም። ለዚህ ነው የሚገድሉት።

የሆድ ድርቀቱን ከእኔ ስህተት ሰምታችኋል። የምጨምረው ትንሽ ነው። ሰውየው የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ውሃ በደንብ የማይጠጣ ከሆነ፣ ማረጋጊያ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አንጀቱ ይሰንፋል። ስለዚህ ሽንት ቤት የሄደበት ቀን ይጻፍ። «በቃ ይሄዳል» አይበቃም። መቼ? ምን ዓይነት? ጠጠር ነው ወይስ ለስላሳ? በሦስት ቀን አንዴ እንኳ ካልወጣው አትጠብቁ። ሁለት ሦስት ሰው ተፈራርቆ የሚንከባከበው ከሆነማ ወረቀቱ የግድ ነው። ሁሉም «ትናንት እሷ ባለችበት ሄዶ ይሆናል» ብሎ ያስባልና።

አሁን ስለ ምግብ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንዲት ተንከባካቢ ምሳ ስታበላ ቆሜ አይቼ ነበር። ጎበዝ ሠራተኛ ናት፤ ፍቅር አላት። ችግሩ ቆማ ነው የምታበላው። ሰውየው ዊልቸሩ ላይ ወደ ኋላ ደገፍ ብሏል። ማንኪያው ከላይ ይመጣል። ማንኪያውን ለማግኘት ቀና ይላል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የአየር ቧንቧው ይከፈታል። የጎረሰውን ሳይውጥ ሌላው ማንኪያ ይደርሳል። ሌሎች አምስት ሰዎች ይጠብቋታል፣ ምን ታድርግ! ሰውየው አላሳለውም። ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ። ከምግቡ በኋላ ድምፁ ውሃ እንዳለበት ጉሮሮ ተንቦጫረቀ። በዚያ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ በሳንባ ምች ታክሞ የወጣ ሰው ነው። ሦስቱንም ጊዜ «ብርድ መታው» ተብሏል።

ምግቡ ወደ ሳንባው እየገባ ነበር። ሰው ትን ሲለው ይታወቃል የምንለው ስህተት ነው። በአንዳንዶች ላይ ያ የሚያስለው ስሜት ራሱ ደንዝዟል። ድምፅ ሳያሰማ ይገባል። ስለዚህ ሳል ብቻ አትጠብቁ። የሚረጥብ ድምፅ፣ የሚያነባ ዓይን፣ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ምሳ፣ የሚቀንስ ኪሎ፣ እየተመላለሰ የሚመጣ የሳንባ ምች። ይህ ሲደራረብ የመዋጥ ችግርን የሚመረምር ባለሙያ ጋ መሄድ ነው።

እስከዚያው ግን የዚያች ተንከባካቢ ወንበር ብዙ ነገር ለወጠ። ወንበር አመጣንላትና ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ዓይን ለዓይን ሆኑ። ማንኪያው ከታች መጣ፣ አገጩ ትንሽ ዝቅ አለ። አንዱን ሲውጥ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ ከዚያ ሌላውን ትሰጣለች። ከበላ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ሲተኛም ጥርሱ ተቦርሾ ነው። ጥርስ መቦረሽ ከሳንባ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ሌሊት ምራቁ ወደ ሳንባው ቢወርድ እንኳ ቆሻሻ ይዞ እንዳይወርድ ነው። ፈሳሽ ማወፈርና ምግብ ማላምን ግን ባለሙያው ሳያየው በራሳችሁ አትጀምሩ። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መታፈኛ ይሆናል።

ውፍረት የተጨመረበት መጠጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አይጣፍጥም። ሰውየው መጠጣት ይተዋል። ስለ ፈሳሽ ማነስ የምለው አንድ ነገር ነው፤ እውነቱን እንነጋገር። አንዳንዴ ውሃ የማንሰጠው እኛ ነን። ብዙ ከጠጣ ብዙ ጊዜ መቀየር አለበት፣ ጀርባችን ደግሞ አልቻለም። ማንም አምኖ አይናገረውም እንጂ ከሰዓት በኋላ ውሃ የሚቀንስ ቤት ሞልቷል። የሽንቱ ቀለም ጠቆር ካለ፣ ከንፈሩ ከደረቀ፣ ካንቀላፋ፣ ምክንያቱን ሩቅ አትፈልጉ።

የሚጥል በሽታን ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የጣለው ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይገባም፤ ማንኪያም ጣትም። በጎኑ ይደረግ፣ ሰዓት ይታይ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ድንገተኛ ሕክምና ነው። ሁለተኛው ነገር፣ መድኃኒት ያመለጠበት ቀን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ቀን ነው። ጉዞ፣ በዓል፣ የተንከባካቢ ለውጥ። እነዚህን ቀኖች ጠብቋቸው።

ስለ መድኃኒት ካነሳን አይቀር። ሰዎቻችን የሚወስዱትን ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? አንድ የ50 ዓመት ሰው ፋይል ከፍቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማረጋጊያ ሲወስድ አገኘሁት። ለምን እንደተጀመረ የሚያውቅ ማንም የለም። ያዘዘው ሐኪም ጡረታ ወጥቷል። አንድ ጊዜ በ20ዎቹ ሳለ አስቸግሮ ነበር ይመስለኛል። ሠላሳ ዓመት! እነዚህ መድኃኒቶች ለአእምሮ ሕመም የተሠሩ ናቸው፤ ሕመሙ ላለበት ሰው ሕይወት ያድናሉ። ሕመሙ ለሌለበት ግን ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ሊያመዝን ይችላል። ክብደት ይጨምራሉ፣ ስኳር ያመጣሉ፣ አንጀት ያሰንፋሉ። ለረጅም ዓመት ሲወሰዱ ምላስና ከንፈር ያለ ፈቃድ እንዲንቀሳቀስ ያደርጋሉ፤ ያም ተመልሶ ላይጠፋ ይችላል። ስንቱን ሰው ያን የአፍ እንቅስቃሴ «የእሱ ነገር ነው» ብለን አልፈነዋል።

የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም፣ በተለይ የቆዩት እንደ ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን ያሉት፣ ሰውነት ቫይታሚን ዲን ቶሎ እንዲጨርስ ያደርጋሉ። አጥንት ይሳሳል። ሰውየው የማይራመድ ከሆነ ደግሞ አጥንቱ ድሮም ሥራ ስለፈታ ሳስቷል። በ40 ዓመቱ ልብስ ሲቀየርለት ጭኑ የሚሰበር ሰው አለ፤ ከዚያ ተንከባካቢዋ መታችው ተብላ ትከሰሳለች። ፌኒቶይን ድድንም ያሳብጣል። መድኃኒቱ ይቁም እያልኩ አይደለም። በድንገት ማቆም ራሱ ይገድላል። በዓመት አንዴ ሁሉንም ጠርሙስ በፌስታል ሰብስባችሁ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉና «እያንዳንዱ ለምንድን ነው?» በሉ። መልስ የሌለው ካለ ቀስ ተብሎ እንዴት እንደሚቀነስ ሐኪሙ ይናገር።

ቁስል ላይ ብዙ አልቆይም። የማይንቀሳቀስ ሰው ቦታው ይቀያየር፤ አልጋ ላይ በየሁለት ሰዓቱ፣ ወንበር ላይ ከዚያም ቶሎ ቶሎ። ዳሌና ተረከዝ በየቀኑ ይታይ። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ይዳሰስ፤ የሚሞቅ ወይም የሚጠጥር ቦታ ካለ ቁስሉ ከሥር ጀምሯል።

ስለ ዕድሜ ላውራ።

አንዲት ዳውን ሲንድረም ያለባት የ43 ዓመት ሴት ነበረች። ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። ቀልደኛ ናት፤ ስገባ ሁሌ ቦርሳዬን ነው የምትፈትሸው። አንድ ጊዜ ስሄድ ቦርሳዬን አልነካችውም። እናቷ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ልጄ፣ አእምሮዋ እየሄደ ነው። ነግረውናል፤ እንዲህ ያሉት ቶሎ ያረጃሉ ብለውናል» አሉኝ። ነገሩ እውነትነት አለው። የአልዛይመር በሽታን የሚያመጣው ፕሮቲን የሚሠራበት ዘረመል የሚገኘው 21ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው ደግሞ ከዚያ ክሮሞዞም ሦስት አለው። 40 ሲሞላቸው የብዙዎቹ አእምሮ ውስጥ ለውጡ ይታያል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በ50ዎቹ ይመጣል።

«እማማ፣ ምኑን አይተው ነው?» አልኳቸው። ደረጃ አልወርድም ትላለች አሉኝ። ሄጄ አብሬያት ቆምኩ። ደረጃው ጋ ሳንደርስ ቆመች። ኮሪደሩ ላይ ነጭ ንጣፍ አልቆ ጥቁር የሚጀምርበት ቦታ አለ። እዚያ ቆመች። እግሯን አነሳች፣ አየር ላይ ዘረጋችው፣ ከዚያ እንደ ጥልቅ ገደል ፈርታ መለሰችው። ጠፍጣፋ ወለል ነው። እሷ ግን ጉድጓድ ነው የታያት።

የዓይን ሞራ ነበር፤ በሁለቱም ዓይን። ዳውን ሲንድረም ካለ ቶሎ ይመጣል። ምርመራው ሲቀጥል የታይሮይድ ዕጢዋም ሰንፎ ተገኘ፤ ያም ያንቀላፋል፣ ያደነዝዛል። ከአእምሮ መሄድ ጋር የሚምታታ ነገር ብዙ ነው። መስማት መቀነስ፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ድብርት። አባቱ የሞተበትና ማንም ያልነገረው ሰው «አልዛይመር ጀመረው» ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ ሁሉ ተጣርቶ ካለቀ በኋላ የመርሳት በሽታ ነው ይባል። እሷ ዓይኗን ተሠራች፣ የታይሮይድ ኪኒን ጀመረች። ቦርሳዬን እንደገና መፈተሽ ጀምራለች።

ሴሬብራል ፓልሲ ደግሞ «አይብስም» ይባላል። አእምሮ ላይ ያለው ጉዳት አይብስም፣ ልክ ነው። ሰውነቱ ግን ያልቃል። 20 ዓመት በጠማማ እግር የተራመደ ሰው መገጣጠሚያው በ30ዎቹ ይጎዳል። ይደክማል፣ ያመዋል። አንዳንዱ መራመድ ያቆማል። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው የለም፤ ስለዚህ ሰነፍኩ ብሎ ራሱን ይወቅሳል። አንድ ነገር ግን በጭራሽ እንዳታልፉ። ሁልጊዜ የማይታዘዝለት እጅ አዲስ ከደከመ፣ ዕቃ መጣል ከጀመረ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተው፣ አንገቱ ላይ ያለው ነርቭ እየተጨፈለቀ ሊሆን ይችላል። ይህ በቶሎ ካልታየ የሄደው አይመለስም።

በእንግሊዝ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ከ14 ዓመቱ ጀምሮ በዓመት አንዴ ሙሉ የጤና ምርመራ እንዲደረግለት አሠራር ተዘርግቷል። ሰው ታመምኩ እስኪል አይጠበቅም፤ ብዙዎቹ አይሉማ። ግፊት፣ ክብደት፣ ስኳር፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ ጥርስ፣ መድኃኒት። ይህ አሠራር የሌለበት ቦታ ቤተሰብ ራሱ ቀን ቆርጦ ማድረግ ይችላል። የልደቱ ወር ይሁን፣ አይረሳም። ለሴቶቹ የጡትና የማሕፀን በር ምርመራ አይቅር። «እሷን ምን ያደርግላታል» ሲባል እሰማለሁ። ጡት የለኝም ትላለች እንዴ?

«እሺ አይልም፣ መርፌ ሲያይ ቤቱን ይገለብጠዋል» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ልክ ነው። እኛም ብንሆን ማንም ሳይነግረን ጎትቶ ቢወጋን እንገለብጠዋለን። የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ለአንድ ሳምንት ቤት ውስጥ አጥልቆ ማውለቅ ይለማመድ። ክሊኒኩን ያለ ምንም ምርመራ ሄዶ ያየው፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ ይመለስ። ሰው የማይበዛበት የጠዋቱ የመጀመሪያ ቀጠሮ ይያዝለት። ሐኪሙ ደግሞ ለእህቱ ሳይሆን ለእሱ ያውራ። ባይመልስም ይሰማል።

ያቺ የመጀመሪያዋ እህት ከዚያ በኋላ ደብተር ጀመረች። ተራ ባለመስመር ደብተር ነው። የተኛበት ሰዓት፣ የበላው፣ የጠጣው፣ ሽንት ቤት የሄደበት፣ ከወትሮው የተለየ ነገር። የመጨረሻው ረድፍ ብዙ ቀን ባዶ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በጠዋት ደወለችልኝ። መንገድ ላይ ናት፤ የመኪና ድምፅ ይሰማል።

«ሲስተር፣ ዛሬ ቁርሱን በግራ በኩል ብቻ ነው ያኘከው። ቀኙን ሲነኩት ይቆጣል። የጥርስ ሐኪም ጋ እየሄድን ነው።»